ከሬሆቮት እስከ ደምቢያ፦ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማን ገንዘብ ይቆማል?

ሬሆቮት ግድግዳዋ ላይ ስም የበዛባት ከተማ ናት። በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ግቢ ውስጥ የሚያልፍ ሰው በየሕንጻው በር የለጋሽ ስም ያነብባል፤ አንዱ ቤተ ሙከራ በአንዱ ቤተሰብ፣ ሌላው በሌላው ተሰይሟል። ተቋሙ ራሱ በተለመነ ገንዘብ የቆመ ነው። በ1934 የእንግሊዝ አገር ነዋሪ የሆኑት የዚፍ ቤተሰብ ገና በወጣትነቱ በሞተው ልጃቸው በዳንኤል ስም የምርምር ማዕከል አሠሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የአሜሪካ ወዳጆች ለኃይም ዋይዝማን ሰባኛ ዓመት ልደት ስጦታ ይሁን ብለው ገንዘብ ማሰባሰብ ያዙ፤ በ1949 ተቋሙ የዛሬ ስሙን አገኘ። ሜየር ዋይስጋል የተባለው ሰው ለዚህ ግቢ ከባለጸጋ ደጅ ባለጸጋ ደጅ ገንዘብ ሲጠይቅ ኖሮ፣ በኋላ የተቋሙ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያችው ከተማ ቂርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር አለ። በእስራኤል ከሚኖሩት ከ160 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎች ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ደረጃው ላይ አማርኛ ይሰማል፤ ሱቁ ውስጥ ጤፍና በርበሬ አይጠፋም። እዚህ ያለው ሰው የለጋሽን ነገር ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ያውቀዋል። ለልጁ የማጠናከሪያ ትምህርት ከአሜሪካ ማኅበረሰብ በመጣ ገንዘብ ተሰጥቶታል፤ ለጋሽ ሲጎበኝ ልጆቹ ተሰልፈው ዘፍነዋል፤ ፎቶ ተነሥተዋል። ዛሬ ደግሞ በየእድሩና በየሰርጉ ማዕድ ሌላ ወሬ ይነሣል፦ «በአገራችን አንድ ሃይስኩል ብናሠራስ?» ይህ ዳሰሳ ያንን ጥያቄ ከነታሪኩና ከነጣጣው ለማየት ነው።

ሬሆቮትና የአፍሪካ ትምህርት የተዋወቁት ቂርያት ሞሼ ውስጥ አማርኛ ከመሰማቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። በኦገስት 1960 የዋይዝማን ተቋም ፕሬዚዳንት የነበረው አባ ኢባን «ሳይንስ ለአዳዲስ መንግሥታት ዕድገት» በሚል ርዕስ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጠርቶ፣ ገና ነጻነታቸውን ካገኙና ሊያገኙ ከተቃረቡ የአፍሪካና የእስያ አገሮች የመጡ ሰዎችን ከሳይንቲስቶች ጋር አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ራዕናን ዋይትስ በዚሁ ከተማ የሰፈራ ጥናት ማዕከል አቋቋመና ከአፍሪካ የመጡ የልማት ባለሙያዎች ሠለጠኑበት። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲም እዚሁ ነው። እንግዲህ ከሬሆቮት ወደ አፍሪካ ዕውቀት ሲሄድ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ከቂርያት ሞሼ ኪስ የሚሄደው ገንዘብ ግን ገና መንገዱን እየፈለገ ነው።

ከሬሆቮቱ ጉባኤ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1961፣ የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ሹማምንት በዩኔስኮና በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጠሪነት አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። እስከ 1980 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ እንዲዳረስ ወሰኑ። ሁለተኛ ደረጃ ግን አንደኛ ደረጃን ከጨረሱት 30 በመቶ ለሚሆኑት ይብቃ ተባለ። በጊዜው ይህም ድፍረት ነበር፤ አብዛኞቹ አገሮች ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የነበራቸው። ነገር ግን ሁለተኛ ደረጃ የጥቂቶች ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዕቅዱ ወረቀት ወጥቶ በመሬት ላይ ቀረ። በኢትዮጵያ ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ቀበሌው ወረደ፤ ሁለተኛ ደረጃው ወረዳ ከተማ ላይ ቆመ። ዛሬም ዕድሜያቸው ከደረሰ ልጆች መካከል ግማሾቹ እንኳ በዘጠነኛ ክፍልና ከዚያ በላይ አይገኙም።

ይህ ለገጠር ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ወረዳ ከተማ ገብቶ ከሦስት ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። እሑድ ከእናቱ ቤት ተሸክሞ የመጣው እንጀራ ሳምንቱን አይዘልቅም፤ ይሻግታል። ስለዚህ ድርቆሽ ይቋጠራል፤ ሽሮና በርበሬ በላስቲክ ይታሰራል። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ግማሽ ቀን በእግር ይኬዳል፤ እሑድ ይመለሳል። ሲያጠና የሚውልበት ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ወንዱን ልጅ ይህንንም ይቻለው ብለው ይልኩታል። ሴቲቱን ሲሆን አባት «ማን አይቶልኝ?» ይላል፤ እናትም ዝም ትላለች። ልጅቷ ትዳራለች ወይም ወደ አረብ አገር የምትሄድበትን መንገድ ታፈላልጋለች። ለዚህ ነው የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ ከሁሉ በፊት የሴት ልጅ ጉዳይ የሚሆነው። በሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ትምህርት ቤት ካለ ማታ ቤቷ ታድራለች፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የግድግዳ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ሕንጻ ነበራቸው፤ ብዙዎቹም በሕዝብ መዋጮና በለጋሽ ገንዘብ የተሠሩ፣ በጭብጨባ የተመረቁ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር በኋላ «ትምህርት ቤት አሠራሁ» ብሎ እፎይ የሚል ገንዘብ አሰባሳቢ ቁጥሩን አላየም ማለት ነው።

ለቤተ እስራኤል ይህ ትምህርት አዲስ ሊሆን አይገባም ነበር። በጎንደር ለነበሩት አባቶቻቸው ትምህርት ቤት ለማቆም በውጭ አገር ገንዘብ ሲሰበሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ታሪኩም ራሱን ሲደጋግም የኖረ ነው። በፖላንድ የተወለደው ያዕቆብ ፋይትሎቪች በባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ድጋፍ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። ሲመለስ ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ይዟቸው መጣ። ከዚያም ገንዘቡን ፍለጋ ተነሣ። ተፈጥሯዊው በር በዓለም ላይ ብዙ ትምህርት ቤት የነበረው የፓሪሱ የአይሁድ ድርጅት፣ አሊያንስ፣ ነበር። አሊያንስ ግን ሐይም ናሁም የተባለውን ረቢ አጥኚ አድርጎ ላከ፤ ናሁምም የሕዝቡን ቁጥር ፋይትሎቪች ከሚለው እጅግ አሳንሶ፣ ትምህርት ቤት መክፈቱንም ሳይደግፍ ተመለሰ። አንዱ በቁጥር ሲያሰፋ ሌላው በቁጥር ሲያጠብ፣ የጎንደሯ የደምቢያ ልጅ ዕጣ ፓሪስ ላይ በሪፖርት ተወሰነ። ዛሬም ለእርዳታ የሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ «የተጠቃሚ ብዛት» የሚል ሣጥን አለው፤ ያ ሣጥን የሚሞላበት መንገድ ከዚያ ዘመን ብዙም አልተቀየረም።

ፋይትሎቪች ተስፋ ሳይቆርጥ በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በኋላም በአሜሪካ የድጋፍ ኮሚቴዎች አቋቋመ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ታምራት አማኑኤል መራው። ኮሚቴዎቹ ከሚልኩት ይልቅ የማይልኩት ይበዛ ነበር፤ በመጨረሻም የጣሊያን ወረራ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ የአይሁድ ኤጀንሲ በ1955 አሥመራ ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ መምህራንን አሠለጠነ፤ 27 ወጣቶችም በእስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ተላኩ። ሠልጣኞቹ ወደ ጎንደር ተመልሰው በየመንደሩ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ኤጀንሲው በጀቱን አጠፈ፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። በ1977 ደግሞ ኦርት የተባለው የአይሁድ የሙያ ሥልጠና ድርጅት ጎንደር ገባ፤ ትምህርት ቤት ሠራ፣ ክሊኒክ ከፈተ፣ ሙያ አስተማረ። በ1981 ደርግ አስወጣው።

ከዚህ ሁሉ ምን ቀረ? ሕንጻውን ብንፈልግ ብዙ አናገኝም። ሰዎቹ ግን ቀሩ። ታምራት አማኑኤል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አገለገለ። ፋይትሎቪች ካስተማራቸው ልጆች አንዱ የነበረው ዮና ቦጋለ ዕድሜውን ሙሉ የጎንደርን መንደሮች ትምህርት ቤቶች ሲያስተባብር፣ ለውጭ ለጋሾች ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሲሟገት ኖሮ በ1979 ወደ እስራኤል መጣ። ከክፋር ባትያ የተመለሱት ወጣቶችም እንዲሁ መምህራንና የማኅበረሰቡ መሪዎች ሆኑ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ፍርድ አንድ ነው፦ ለመምህር የወጣ ገንዘብ ከመንግሥት መለዋወጥ፣ ከጦርነትም ተርፎ ይገኛል፤ ለሕንጻ ብቻ የወጣው ግን ዋስትና የለውም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተዘጋው ግንቡ ስለፈረሰ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ሰው ስለጠፋ ወይም የፈቃዱ ባለቤት ሌላ ስለነበረ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ልምድ ደግሞ የራሱ ጥንካሬ አለው። አዲስ አበባ የገቡ የጉራጌ ተወላጆች በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንገድ ሥራ ድርጅታቸውን አቋቁመው በመርካቶ ገንዘብ መንገድ አስጠረጉ፤ ከመንገዱ ተከትሎም ትምህርት ቤት መጣ። በዚያው ዐሥርት አጋማሽ የስዊድን መንግሥት ከኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ጋር ያቋቋመው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንጻ ሥራ ክፍል መዋጮ ያላመጣ መንደር ክፍል አይሠራለትም የሚል ደንብ ይዞ ብዙ ሺህ የመማሪያ ክፍሎች ሠራ። የአማራ ልማት ማኅበር፣ ሁሉም በአጭሩ አልማ የሚለው፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ከአባላቱ በሚያገኘው መዋጮ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲሠራ ቆይቷል። የትምህርት ሚኒስቴር በብርሃኑ ነጋ ዘመን «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ የጠራው ንቅናቄም የሚደገፈው በዚሁ ጡንቻ ነው። የቀዳማዊት እመቤት ዝናሽ ታያቸው ጽሕፈት ቤትም በተለያዩ ክልሎች ራቅ ባሉ ቦታዎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አሠርቶ አስረክቧል።

በዳያስፖራው በኩል ትልቁ ሙከራ በ2018 የተጀመረው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ነበር። በውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በቀን አንድ ዶላር ቢሰጥ የሚል ቀላል ሐሳብ ነው። የገባው ገንዘብ ከተጠበቀው እጅግ አነሰ። ፖለቲካው ሲደፈርስ ኪሱም ተዘጋ፤ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። «ለአገር» የሚባል መዋጮ ፊት የለውም፤ ሰው ለሚያውቀው ወንዝ፣ ለተማረባት ዛፍ ጥላ ይሰጣል። በተቃራኒው የካርልሐይንዝ በም ነገር አለ። ይህ የፊልም ተዋናይ በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን አንድ ተወዳጅ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሦስተኛው እጅ እንኳ አንዳንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማርክ ገባ። «ሰዎች ለሰዎች» ብሎ ያቋቋመው ድርጅት እስከ ዛሬ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶችን በኢትዮጵያ ገጠር ሠርቷል። በም አንድ ምሽት ቴሌቪዥን ላይ ስለታየ ብቻ አይደለም እዚህ የደረሰው፤ ሄዶ እዚያው ስለኖረ፣ በየዓመቱም ተመልሶ ለጀርመኖቹ ገንዘባችሁ ይህን ሆነ ስላላቸው ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉ ምሳሌዎች ብዙ ናቸው፤ ለቂርያት ሞሼ ኮሚቴ የሚጠቅሙት ግን ሁለት ሦስቱ ናቸው። የመጀመሪያው መቶ ዓመት አልፎታል። የሲርስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው አይሁዳዊው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ፣ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ተማክሮ፣ ከ1912 እስከ 1932 በአሜሪካ ደቡብ ገጠር ለጥቁር ልጆች 4,977 ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ አደረገ። ሙሉውን ግን አልከፈለም። ከእሱ በኩል 4.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲወጣ ከጥቁር ገበሬዎቹ ራሳቸው 4.7 ሚሊዮን ያህል ወጣ፤ የቀረውን የአካባቢው መንግሥት ሸፈነ። ድሃው ከባለጸጋው በለጠ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ሌላ ቁጥርም አለ፤ በዚያ ፕሮግራም 217 የመምህራን መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። ሮዘንዋልድ መምህር የሚያድርበት ያጣ መንደር መምህር እንደማያገኝ ገብቶት ነበር።

ሁለተኛው ሩዋንዳ ውስጥ ነው፤ ከእስራኤል ጋር ባለው ዝምድናም ለእኛ ይቀርባል። ደቡብ አፍሪካ ተወልዳ ኒው ዮርክ ትኖር የነበረችው የሕግ ባለሙያ አን ሄይማን፣ ከሩዋንዳ ጭፍጨፋ በኋላ ወላጅ አልባ የሆኑ ልጆች ብዛት ሲነገራት እስራኤል ከአይሁድ እልቂት (ከሆሎኮስት) ለተረፉ ልጆች ያቋቋመቻቸው የወጣት መንደሮች ትዝ አሏት። ሄዳ ያጠናችው በሐይፋ አቅራቢያ ያለውን የሚን ኦርድን ነው፤ ብዙ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ያደጉበትን። በ2008 መጨረሻ አጋሆዞ ሻሎም በርዋማጋና ወረዳ ተከፈተ፤ 500 ያህል ልጆችን የሚይዝ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ። የሄይማን ትልቁ ጥበብ ግን ሕንጻው ላይ አልነበረም። ከመንደሩ መሬት ከፊሉ ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተከራየ፤ በ2014 የ8.5 ሜጋ ዋት ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ኪራዩም ለትምህርት ቤቱ ገባ። ሄይማን በዚያው ዓመት መጀመሪያ በድንገተኛ አደጋ ሞተች፤ ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። መሥራቹ ሞቶ የማይዘጋ ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የሚታቀደው።

የማስጠንቀቂያው ምሳሌ ከፓኪስታንና ከአፍጋኒስታን ይመጣል። ግሬግ ሞርቴንሰን የተባለ አሜሪካዊ በመጽሐፉ ዝና ለገጠር ትምህርት ቤቶች ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በ2011 ጋዜጠኞች ሄደው ሲያዩ ከተባሉት ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ባዶ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ አልነበሩም። የሞንታና ግዛት ዐቃቤ ሕግ ከመረመረው በኋላ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ለድርጅቱ እንዲመልስ ሆነ። ሰውዬው ሌባ ነበር ብዬ አልልም፤ ታሪኩ ከሥራው ቀድሞ ሮጠ። ገንዘብ በተረት ሲሰበሰብ ተረቱን መመገብ ግዴታ ይሆናል።

ግንባታውን ጨርሶ የሚጠራጠሩም አሉ፤ ቸል የሚባሉ አይደሉም። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር ጋና ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ፈተና አልፈው በገንዘብ ማጣት ያልገቡ 2,064 ወጣቶችን ተከታተሉ። ለ682ቱ በዕጣ ሙሉ የትምህርት ክፍያ ተሰጣቸው። ዕጣው የደረሳቸው እጅግ በበለጠ ቁጥር ትምህርታቸውን ጨረሱ፤ ሴቶቹ ደግሞ ልጅ መውለዳቸው ዘገየ፣ ቁጥሩም ቀነሰ። አንድ ጡብ አልተቀመጠም። ይህን የሚያነብ ሰው ለምን ለቤት ኪራይና ለስንቅ ገንዘብ አንሰጥም ቢል አያስነቅፈውም። ወረዳ ከተማው ላይ ባዶ ወንበር ያለበት ትምህርት ቤት ካለ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ወንበር በሌለበት ግን ስኮላርሺፕ ልጅን ከቤቷ አውጥቶ በስድሳ ተማሪ ላይ ስድሳ አንደኛ ከማድረግ አያልፍም።

ወደ ሬሆቮት እንመለስ። እዚህ ገንዘብ የሚሰበሰበው በለመድነው መንገድ ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ ራት ይዘጋጃል፤ ዘፋኝ ይጠራል፤ ቶምቦላ ይሸጣል፤ የጀበና ስዕል በጨረታ ይቀርባል። መድረክ መሪው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ማለቱ አይቀርም። በሞቅታው አንዱ አምስት ሺህ ሸቀል ይላል፤ ሌላው እንዳያንስ ሰባት ሺህ። ማግስቱን ገንዘብ ያዡ ስልክ ሲደውል ግማሹ አያነሣም። አዳራሹ፣ ራቱና ዘፋኙ ከተከፈሉ በኋላ የሚቀረው ሲታይ ደግሞ ድግሱ ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ለድግሱ የተዘጋጀ ይመስላል።

ከዚህ የሚበልጠው መሣሪያ እዚሁ ሰፈር ውስጥ አለ። እቁብ ነው። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት ኢትዮጵያውያን ሴቶች በእስራኤል እቁባቸውን እንዴት እንዳስቀጠሉና ከገንዘብ በላይ ምን እንደሚያገኙበት አሳይተዋል። የእቁብ ዳኛ ቃል የገባ ሰው ስልክ አላነሣም ሲል ዝም አይልም። ሴቶቹ በየወሩ ቢት በሚባለው የስልክ መክፈያ የሚልኩት መቶ ሸቀል፣ ለሦስት ዓመት ሳይቋረጥ፣ ከአንድ ምሽት ሞቅታ ይበልጣል፤ ወረዳውም ይህን ያህል በየወሩ ይመጣል ብሎ መሐንዲስ ሊያሰማራ ይችላል። እንዲህ ያለ ኮሚቴ መሪነቱ የሴቶቹ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ልምዱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

የወረቀቱ ሥራ የሚያሰለች ቢሆንም መታለፍ የለበትም። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ መሰብሰብ በሕግም በወዳጅነትም አደጋ ነው። በእስራኤል አሙታ (ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር) መመዝገብ፣ ዓመታዊ ሪፖርት ማቅረብ ያስፈልጋል። በገቢ ግብር ድንጋጌ አንቀጽ 46 የታወቀ ተቋም ለሚሰጠው ሰው ከስጦታው 35 በመቶ ያህል ከግብሩ ይታሰብለታል፤ ይህ ለደመወዝተኛ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም። ዕውቅናው ግን በራሱ አይመጣም፤ ሥራው በውጭ አገር ሲሆን ደግሞ ሒሳብ አዋቂ ሳያማክሩ መነሣት አይገባም። በኢትዮጵያ በኩል አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ የነበረውን የቀድሞውን የ10 በመቶ ገደብ አንሥቷል፤ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ግን ያዛል። ከወረዳውና ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ጋር የሚፈረመው የሦስትዮሽ ስምምነት መሬቱን ማን እንደሚሰጥ፣ መምህራኑን ማን እንደሚመድብ፣ መብራቱንና ውኃውን ማን እንደሚያስገባ በቁጥርና በቀን ሊናገር ይገባል። የምንዛሬውን ነገር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አስተምሯል። ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከመቶ አለፈ። ቀድመው ሁሉንም ወደ ብር የቀየሩ ማኅበራት ሲሚንቶና ፌሮ ከእጃቸው ሲሸሽ ተመለከቱ። ገንዘቡን ሥራው በደረሰበት ልክ በየምዕራፉ መላክ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። የተከበሩ ሽማግሌ ገንዘብ ያዥ ሆነው ሳለ «አባቴ፣ ደረሰኙን ያሳዩኝ» ማለት ስድብ ይመስላል። ስለዚህ አይጠየቅም፤ ሳይጠየቅ ይቀርና ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜቱ ሲበረታ ማኅበሩ ይፈርሳል። መፍትሔው ጥያቄውን ከሰው ላይ አንሥቶ ደንብ ላይ መጫን ነው። በየሦስት ወሩ ሒሳቡ በጽሑፍ ወጥቶ የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል (ማትናስ) ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም ማንንም መጠየቅ አይኖርበትም።

ለጋሽ የሚጫነው ጫናም አለ፤ ይህን ሬሆቮት ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1890 ከተማዋን የመሠረቱት ከፖላንድ የመጡ አይሁድ በባሮን ሮትሽልድ ገንዘብና ሹማምንት ሥር ላለመግባት መሬታቸውን በራሳቸው የገዙ ናቸው። ባሮኑ ክፉ ስለነበረ አይደለም፤ ከገንዘቡ ጋር የሚመጣው ተቆጣጣሪ ምን እንደሚተከልና እንዴት እንደሚኖር ይወስን ስለነበረ ነው። እንግዲህ ከቂርያት ሞሼ የሚሄድ ኮሚቴ መንደሩ ያልጠየቀውን ኮምፒዩተር ክፍል አሠርቶ የራሱን ስም በር ላይ ቢጽፍ ማፈር ይኖርበታል። ገና መብራት ባልገባበት ቦታ ያ ክፍል ምን እንደሚሆን ከፕላዝማው ታሪክ እናውቃለን። ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሰቀሉት የሳተላይት ቴሌቪዥኖች ኃይል ባልደረሰበትና ጠጋኝ ባልነበረበት ቦታ ሁሉ ግድግዳ ላይ አቧራ ጠጡ።

«የእኛ ልጆች እያሉ?» የሚለው ተቃውሞ በሰፈሩ ውስጥ ይሰማል፤ ሐቅም አለው። በእስራኤል የኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች አሁንም ማጠናከሪያ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት የሚባለው ተቋም በየከተማው ይሠራል። ግን ያ በመንግሥትና በውጭ ማኅበረሰቦች በጀት የሚሠራ ነው፤ ከእቁብ የሚወጣ መቶ ሸቀል አይተካውም፤ አይቀንሰውምም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይቆጠቁጣል፦ «ትተናት የመጣናት አገር ናት፤ መንደራችንም የሌላ ሰው ሆኗል።» አዎ ሆኗል። በቀድሞ መንደሮቻችን በአምቦበርና በወለቃ ዛሬ ትምህርት ቤት ቢሠራ የሚማሩት የቀድሞ ጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። እኔ ይህን ለመስጠት የሚበቃ ምክንያት አደርገዋለሁ፤ ሌላው እንቅፋት ቢያደርገው አልከራከረውም።

ጦርነቱን ግን ማለፍ አይቻልም። ከ2023 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተጎድተዋል፤ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ጸጥታ በሌለበት ቀበሌ አዲስ ብሎክ መጀመር ለታጣቂ ካምፕ መሥራት ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ገንዘቡ በሒሳብ ይቆይ ወይም ተፈናቅለው ከተማ ለገቡ ተማሪዎች ቤት ኪራይ፣ ለደብተርና ለፈተና ክፍያ ይዋል። መምህራን ደመወዛቸው ሳይደርሳቸው በሚከርሙበት ወቅት ደግሞ ለእነሱ መድረስ ከማንኛውም ግንባታ ይቀድማል።

ሰላም ያለበት ቦታ ሲገኝ፣ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ሁሉም አራት ክፍል ካለው ብሎክ ይጀምራል፤ ከዚያ ቤተ ሙከራ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይባላል፤ የመምህራን ቤት ደግሞ ምዕራፍ የለውም። የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ገጠር ተመድቦ የሚያድርበት ሲያጣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ዝውውር ይጠይቃል፤ ካልተሰጠውም ሥራውን ይለቃል። ፈተና ላይ ማንንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ጋ ሄዶ የጠየቀ ይህን ይሰማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለመምህራን መኖሪያና ለውኃ፣ ለሴት ተማሪዎች የተለየ መጸዳጃ ይሁን፤ መንደሩ ድንጋይና አሸዋውን ያቅርብ፤ የመማሪያ ክፍሎቹ ይከተሉ።

ቂርያት ሞሼ ውስጥ ለትምህርት ቤት አዋጡ ተብላችሁ የተጠየቃችሁ ሁሉ፣ ከመስጠታችሁ በፊት «በጀቱን አሳዩን» በሉ። የመምህራን ቤት ከሌለበት፣ ከምረቃው በኋላ ላሉት ዓመታት አንድም ሳንቲም ካልተመደበ፣ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ኮሚቴው አስተካክሎ እስኪመለስም ጠብቁት።